እንደ ሞላ የተመለሰ ሰሐን

ሰሐኑ እንደ ሞላ ተመለሰ። ዘመኑ ውጭ ታጥቦ ሲገባ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ እናቱ ፈንታነሽ ማታ ለቤት አከራያቸው ለእትዬ ለተሥላሴ የላከችው የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ነው። ያው ጠርዙ የተፋቀ ሰሐን፣ ያው ክዳን። ክዳኑን ገለጥ አደረገው። እናቱ በመዳፏ የደለደለችው ጉብታ እንኳ አልፈረሰም። ሰሐን ባዶውን እንደማይመለስ በደብረ ታቦር የማያውቅ የለም፤ ጎረቤት ንፍሮ ከላከልህ አንተ ድንች ቀቅለህም ቢሆን፣ ያም ከጠፋ ጨው ቆንጥረህ ጣል አድርገህበት ትመልሳለህ። የሰውን ምግብ ሳይነኩ ለዚያው ሰው መመለስ ግን ዘመኑ በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

“ማን አመጣው?”

“ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት” አለች እናቱ። ጀርባዋን ሰጥታው አልጋ ታነጥፋለች። የተነጠፈውን አልጋ እንደገና ታነጥፋለች።

ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ ጥጥ የሞላበት ቅርጫትና ዘመኑ ራሱ በይዶ የሠራው የብረት መደርደሪያ ሲገቡባት በቃኝ ያለች ናት። ኪራይዋ አምና ሺሕ ስድስት መቶ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ሺሕ ሁለት መቶ ገብቷል። እትዬ ለተሥላሴ ሲጨምሩ “ለእናንተ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላው ሦስት ሺሕ ይሰጠኛል” ብለው ነበር። ከእሳቸው ቤት የሚለያት ግድግዳ ጭቃ የተመረገ አጠና ስለሆነ በዚያ በኩል የተነገረ በዚህ በኩል ይሰማል፤ ሁለቱም ወገን ይህን እያወቀ አሥራ ሁለት ዓመት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኖሯል። ዛሬ ድምፁን ዝቅ ያደረገ የለም። የአከራያቸው ልጅ እሸቴ ያቃስታል። በስንጥቁ የተቃጠለ ሥር የሚመስል መራራ ጭስ ይገባል። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ዘመድ ትሁን ጎረቤት አልለየም፣ “ሐኪም ቤት የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ!” ስትል ሰማ። “ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከተወጋ ያልቃል። መጀመሪያ የበላው መጥቶ እንትፍ ይበልበት። ከዚያ ወዳሻችሁ ውሰዱት።”

የእናቱ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ማለስለሱን ቀጠለ።

“እማ፣ ሰማሽ?”

“ወደ ሥራህ ሂድ” አለችው። “ውርጩ ከብዷል፤ ሹራብህን ደርብ።”

ዘመኑ ግን ስልኩን ከፈተ። ኔትወርኩ ከተለቀቀ ወዲህ የከተማው ወጣት የሚሰበሰብበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። የለንደኖቹን መድፈኞች የሚደግፉ ልጆች ያቋቋሙት ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባትን ጋፋትን ይዘው “የጋፋት መድፈኞች” ብለውታል። ትናንት አመሻሽ ላይ ጨዋታውን ዲኤስቲቪ ቤት ሄደው አብረው አይተዋል። እሸቴ ከዘመኑ አጠገብ ተቀምጦ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንች ጥብስ ሲበላ ነበር፤ “እንካ” ብሎት ዘመኑም ሁለት ሦስት ፍሬ አንስቷል። ቡድናቸው መጨረሻ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ሲወጡ እሸቴ ሆዱን ይዞ ጎበጠና ባጃጅ ያለው ጓደኛቸው ሙላቴ ወደ ቤቱ አደረሰው። ዘመኑ ያኔ ከሽንፈቱ የመጣ መስሎት ስቆበት ነበር።

የማታውን መልእክት ከላይ ወደ ታች አነበበው። መጀመሪያ “ዳኛው ዓይኑ ታውሯል” ይላል አንዱ። ቀጥሎ “አልታወረም፤ አይሁድ ነው፤ ስሙን እዩት” ይላል ሌላው፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። “ዓለምን የያዙት እነሱ ናቸው፤ አንድ ዋንጫ መስረቅ ያቅታቸዋል?” ሳቁ ይቀጥላል። ከዚያ “ነጭ አሞራ” የሚል፣ ፊት የሌለው፣ ማንም የማያውቀው ስም ብቅ ብሎ እንዲህ ጽፏል፦ “አይሁድ ፍለጋ ለንደን ድረስ ምን አስኬዳችሁ? እዚሁ መሃላችን አለላችሁ።” ፎቶ ለጥፏል። ነጭ የለበሰች፣ ባለ ጥልፍ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ከኋላዋ ብዙ ነጭ የለበሰ ሕዝብ። የዘመኑ አክስት ናት፤ እስራኤል አገር የምትኖረው፣ በቤተ እስራኤሎች የሲግድ በዓል ላይ የተነሣችው። “የማን አክስት እንደሆነች ብረት በያጁን ጠይቁት። አመሻሽ ላይ እሸቴ ድንች ሲበላ አጠገቡ ማን እንደነበርም ጠይቁት። ፈላሻ ምን እንደሚበላ አያቶቻችን ነግረውናል።” ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። የተቃወመም የለም። አራት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ፀጥ ብሎ አድሯል።

ያቺን ፎቶ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ለሙላቴ ራሱ አሳይቶታል፤ ሙላቴ ግን ባጃጁ ኋላ ላይ ሰማያዊ ኮከብ የለጠፈ፣ ከኮከቡም በታች “ኢየሩሳሌም” ያስጻፈ ሰው ነውና ዘመኑ ሊጠረጥረው ቀርቶ አላሰበውም። ያሰበው ስልክ ጠጋኙን ሬድዋንን ነው። ባለፈው ሳምንት የስልኩ መስታወት ተሰብሮ ሬድዋን ሱቅ አድሮ ነበር። ሬድዋን የግሩፑ ኃላፊ ነው፤ በዚያ ላይ በየቀኑ ስለ ጋዛ የሚጽፈው እሱ ነው፦ የፈረሰ ቤት፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሕፃናት፣ “ይህን የሚያደርግ መንግሥት ነገ ይጠየቃል።” ዘመኑ እነዚህን ባነበበ ቁጥር ደረቱን ጨመቅ ያደርገው ነበር። ውሸት ናቸው ብሎ አይደለም። የወቀሳው ቃል ዛሬ መንግሥት ዘንድ ቢቆም ነገ የት እንደሚቆም ስለማያውቅ ነው። አሁን የት እንደ ቆመ ያወቀ መሰለው፤ የእናቱ ደጃፍ ላይ።

መንገድ ላይ ከጉና በኩል የወጣችው ፀሐይ ብርሃን እንጂ ሙቀት አልነበራትም። ሁልጊዜ ብስኩት የሚገዛባት ባለ ሱቅ መልሱን እጁ ላይ አላስቀመጠችለትም፤ ባንኮኒው ላይ ገፋ አደረገችለት። ምናልባት ሁልጊዜም እንዲያ ነበር የምታደርገው። የጥርጣሬ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ያለፈውን ዓመት ሳይቀር ተመልሶ ያበላሻል። እናቱ ከይፋግ በላይ ካለው መንደራቸው ይዛው ስትመጣ የሸክላ መሥሪያዋን፣ ማለስለሻ ድንጋይዋን ሳይቀር ጥላ ነው የመጣችው። እዚህ ፈታይ ነኝ አለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጥጥ ፈተለች። ስለ ሸክላ አንድም ቀን አላወራችም፤ ገበያ ውስጥ የእንስራ ተራ ሲደርሱ እርምጃዋ ፈጠን እንደሚል ብቻ ያውቃል። እሱ ግን ብረት በያጅ ሲሆን ምንም አላለችውም። አሁን ሲያስበው ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም ነበር።

የሬድዋን ሱቅ ስፋቷ የአንድ በር ያህል ነው። መስታወት ሳጥን ውስጥ የስልክ ልባስ ተሰቅሏል፤ ዋጋው ሁሉ መቶ ሃምሳ ይላል፤ በሰማንያ ይሸጣል። ሬድዋን አንድ የተፈታታ ስልክ ላይ አጎንብሶ በትንሿ ብረት እየበየደ ነው። ቀና አለ።

“ዘሜ! ምነው፣ ስልኩ ደግሞ አስቸገረህ?”

“ስልኩ አላስቸገረኝም።”

ዘመኑ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ጣለለት። ሬድዋን ብረቱን አስቀምጦ አነበበ። ሲያነብ ከንፈሩ እንደ ቁርአን ተማሪ ይንቀሳቀሳል። የጨረሰ ሲመስለው እንደገና ወደ ላይ ተመለሰ።

“ይህን አላየሁም። ከተሸነፍን ግሩፕ አልከፍትም፤ ለደም ግፊት ነው።” ስልኩን መለሰለት። “ቆይ፤ እኔ ነኝ ብለህ ነው የመጣኸው?”

“ፎቶውን ያየኸው አንተ ነህ።”

“አይቻለሁ። መስታወት ስቀይር ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ለማየት ፎቶ እከፍታለሁ፤ የማንን አልከፍትም? የግማሽ ከተማ ምሥጢር እኔ ዘንድ ነው ወላሂ። የመምህር ወርቁን ሁለተኛ ሚስት ሳይቀር አውቃለሁ። ለሰው ተናግሬ አውቃለሁ?”

“ሁለተኛ ሚስት አላቸው?”

“ይኸው! አሁን ራሱ አናገርከኝ።”

ዘመኑ ሊስቅ ነበር፤ ሳቁን ዋጠው። “በየቀኑ ስለ እነሱ የምትለጥፈውስ?”

“ስለ እነማን? እለጥፋለሁ። ነገም እለጥፋለሁ። ሕፃን ከፍርስራሽ ሲጎተት እያየሁ ስለ ማዕዘን ምት ላውራ? ቦንቡን የሚያዝዘውን መንግሥት ነው የምወቅሰው። የራሳችንን መንግሥት ስናማ አንተንና እናቴን ሰደብን ማለት ነው? አክስትህ ምን አደረገችኝ? ጃንጥላ ይዛ ቆማ ነው ያየኋት።”

“ታዲያ ይህስ?” ዘመኑ ወደ ላይ ገፋና “አይሁድ ነው፤ ስሙን እዩት” የሚለው ላይ አቆመው። ከሳቁት ስሞች መካከል የሬድዋን ስም አለ። “ግሩፕ አልከፈትኩም አላልክም?”

ሬድዋን ፊቱ ተለዋወጠ። ዘመኑ ያን ሲያይ ‘ያዝኩት’ አለ በልቡ፤ ደስታ የሚመስል ክፉ ነገር ተሰማው።

“ጨዋታው ሳያልቅ ነው” አለ ሬድዋን ቀስ ብሎ። “ቀልድ መስሎኝ… አይ፣ ቀልድም አልመሰለኝም። ተናድጄ ነበር። የሚሰደበው የማላዝንለት ሰው መሰለኝና ሳቅሁ። ከሥሩ ምን እንደሚበቅል አላየሁም።” ወዲያው እንደ ልማዱ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገና የተለጠፈውን ፎቶ በሁለት ጣቱ ለጠጠው። “የራስህን ክፈትልኝ እስቲ። አንተ ዘንድ ያለውን።”

ዘመኑ ከፈተለት። ሬድዋን የተለጠፈውን በሱቁ ስልክ ከፍቶ ከዘመኑ ስልክ ጎን አስቀመጠ። በዘመኑ ስልክ ላይ አክስቱ ብቻዋን አይደለችም፤ ቀሚሷን የያዙ ሁለት ልጆች አብረዋት ቆመዋል። በተለጠፈው ላይ ልጆቹ የሉም፤ ፎቶው ከወገቧ በታች ተቆርጧል።

“እኔ ያየሁት ይህን፣ ባለ ልጆቹን ነው” አለ ሬድዋን። “የተለጠፈው የተቆረጠው ነው። ማን ቆረጠው?”

ዘመኑ ራሱ ነው የቆረጠው። ሙላቴ “የኢየሩሳሌምን በዓል ላክልኝ፤ ለበረከት ስልኬ ላይ ላድርገው” ያለው ቀን እናቱ ከትከሻው በላይ አይታ “የልጆቹን ፊት ለሰው አትስጥ፤ ዓይን አለ” ብላው ነበር። እሷም ዓይን ትፈራለች። ያን ቀን ስቆባት፣ ግን ታዝዟት፣ ልጆቹን ቆርጦ ላከው። ለአንድ ሰው ብቻ።

የባጃጅ ጡሩምባ ከውጭ ጮኸ። ሙላቴ ነው። ላብ አጥምቆታል፤ በውርጭ።

“ዘሜ፣ የብየዳ ቤቱን ደጅ ስጠብቅ ነው ያረፈድኩት! ግባ፣ ግባ። እሸቴ ሊሞት ነው። እትዬ ለተሥላሴ እግሩ ላይ ወድቀህ አምጣልኝ ብለውኛል።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ጊዜ እንትፍ በልበት። አንዲት ምራቅ ናት እኮ ወንድሜ፤ ምን ይጎድልብሃል?”

“ልጆቹን ቆርጬ ፎቶውን ለማን ነው የላክሁት፣ ሙላቴ?”

ሙላቴ የባጃጁን መሪ ይዞ ቀረ። ዓይኑ ወደ ሬድዋን ሄደ፣ ወደ ስልኮቹ ሄደ፣ ተመለሰ። ቢክድ ይሻል እንደነበር ዘመኑ በኋላ አስቧል።

“ማታ ሳደርሰው እንደ በግ ይጮሃል” አለ። “እናቱ አጠገብህ ማን ነበር ሲሉት ያንተን ስም ጠራ። እኔ ምን ላድርግ? አውቃለሁ፤ አንተ ራስህ ነግረኸኛል። ዝም ብል ደሙ በእኔ አይሆንም?”

“በየቀኑ ‘እስራኤልን የሚባርክ ይባረካል’ ስትል አልነበር? ከሬድዋን ጋር ስትጣላ የነበረው ስለ ማን ኖሯል?”

“እሱ ሌላ ነው!” አለ ሙላቴ፤ ከልቡ የተገረመ መሰለ። “እሱ የመጽሐፉ ነው። የዳዊት አገር ነው። እናንተ ደግሞ…”

“እኛ ደግሞ ምን?”

“እናንተ የይፋጎቹ ናችኋ።”

ሬድዋን የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች ጎተተና ቆለፈ። “ክርክሩን መንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ” አለ። “ልጁ ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው። ንዳ።” ማንም ሳይጋብዘው ኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ሙላቴ “መርፌ ከነካው ይሞታል እያልኩህ!” እያለ ነዳ። ዘመኑ በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ያሰላስላል፦ ከተፋ ቡዳነቱን በአፉ አመነ፤ ካልተፋ እሸቴን ሐኪም አያየውም፤ ከሞተም ገዳዩ እሱ ነው። አፉ ደርቋል። ቢፈልግ እንኳ የሚተፋው ምራቅ የለውም። ግቢው በር ሲደርሱ ወሰነ፤ አልተፋም፤ እሸቴን በጀርባዬ አዝዬው እወጣለሁ፣ የሚያስቆመኝ ያስቁመኝ አለ።

የሚያስቆመው አላገኘም። ሰዉ ከእትዬ ለተሥላሴ ደጃፍ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ቆሟል፤ ለአንዲት ቀጭን ሴት ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍቶ ተከፍሏል። በመካከሉ ፈንታነሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትመጣለች። ልጇን አየችው፤ አላየሁህም በሚል አኳኋን አልፋው ወደ ክፍሏ ገባች። ከኋላዋ የእትዬ ለተሥላሴ ድምፅ፣ “ተፋችበት! ተፋችበት! አሁን መርፌም ይውጉት፣ የፈለጉትን ያድርጉት፣ አውጡልኝ ልጄን!” እያለ ወጣ። እሸቴን አራት ሰው አመጣው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ግንባሩ ላይ እርጥብ ነገር ያብረቀርቃል። ሬድዋን ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ ተቀበለው። ባጃጁ ዞሮ ሲወጣ ኋላው ላይ ያለችው ሰማያዊ ኮከብ ጭቃ ነክቷት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ እናቱ ቅርጫቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ እንዝርቷ ግን አይዞርም። ዘመኑ በሩን ዘጋው። ከግድግዳው ወዲያ አሁን ፀጥታ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላወሩት ነገር ክፍሏን ሞልቷት ለሌላ ቃል ቦታ አልነበረም። በርጩማው ላይ ሰሐኑ እንደ ሞላ ነው። ዘመኑ ተቆጥቶ መናገር ፈለገ፤ ሲናገር ግን ድምፁ የልጅ ሆነበት።

“እሸቴን በልተሽዋል?”

“ምን በላሁ እኔ?” አለች። “የላክሁትን ንፍሮ እንኳ መቼ ቀመሱልኝ።”

“ታዲያ ለምን ተፋሽ?”

“ሐኪም እንዲያየው ነዋ! ሆዱ ተነፋ ሲሉና ሲጮህ በግድግዳው ሳዳምጥ ነው ያነጋሁት፤ አባትህም ሊሞት ሲል እንዲያ ነው የጮኸው። ካልተፋሁ በሩን አይከፍቱም። አንተ እስክትመጣ ብጠብቅ አንተን ያስተፉሃል። አንተ ገና ሚስት ታገባለህ፣ ልጅ ታስጠምቃለህ። የእኔ ስም ምን ሊሠራ ነው?” እንዝርቷን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። “ምራቅ ነው፣ ልጄ። ጠረግሁት፤ አለቀ።”

አላለቀም። ከሰዓት በኋላ ሙላቴ በራሱ ስም ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ “እሸቴ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወጥቷል። ተመስገን። የዘመኑ እናት ስለ ተፉበት ነው፤ ሳይተፉበት መርፌ ቢወጋ አልቆለት ነበር።” ልብና የተጋጠመ መዳፍ ዘነበለት። ማታ ፀጥ ብሎ ያደረው አራት መቶ ሰው አሁን ሁሉም አፍ አወጣ። “እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር” ይላል አንዱ። ዘመኑን ያመመው ይህ ሳይሆን፣ የጻፈው ልጅ እሱ ራሱ በየሳምንቱ የሻይ ሒሳብ የሚከፍልለት ልጅ መሆኑ ነው። ከዚያ ሬድዋን ጻፈ፤ ረጅም ነበር፤ በሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የጻፈው ይመስላል።

“ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው ብሏል፤ ቆሜ ሰምቻለሁ። ማታ የተለጠፈውን ፎቶ አጥፍቻለሁ፤ ‘ነጭ አሞራ’ንም አስወጥቻለሁ። ስለ ጋዛ የጻፍሁትን አላጠፋሁም፤ አላጠፋምም። ቦንብ የሚጥል መንግሥት፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይወቀሳል። ‘ዳኛው አይሁድ ነው’ ማለት ግን ወቀሳ አይደለም። እኔም ስቄበታለሁ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። ከዚያ ሳቅ ተነሥተን አንዲት እናት ደጃፍ የደረስነው ባንድ ሌሊት ነው። ደግሞ ስማችን መድፈኞች ነው። መድፍ የሚሠራው ብረት አቅላጭ ነው። ብረት የሚነካ ሁሉ ቡዳ ከሆነ፣ መጀመሪያ የግሩፑን ስም ቀይሩ።”

አንዱ “ፖለቲካ አታምጣብን፤ ኳስ ነው” አለው። ሌላው “ስንት ከፈሉህ?” አለው። “ጋዛን ረሳኸው እንዴ፣ ሬድዋን? አሁን ደግሞ ለእነሱ ሆንክ?” ያለም ነበር። አሥራ ምናምን ሰው ትቶ ወጣ። “ትክክል” ያሉ ሁለት ብቻ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ሬድዋን ምንም ሳይጽፍበት አንድ ፎቶ ለጠፈ፤ የፈረሰ ቤት፣ ደጁ ላይ ባልዲ ይዛ የተቀመጠች ልጅ። ዘመኑ አየው። ደረቱን አሁንም ጨመቅ አደረገው። ግን ቃሉ የት እንደሚቆም ዛሬ አውቋል፤ ፎቶውን ሳይዘጋ ልጅቱን ለብዙ ጊዜ አያት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሬድዋን ራሱ መጣ። ሸሚዙ ላይ የእሸቴ ትውከት ደርቋል። ፈንታነሽ ስታየው ደንግጣ ተነሣች፤ በሩን ልትዘጋው እጇን ሰደደች፤ እሱ ግን “ክፍት ይሁን፣ እናቴ፤ ብርሃን ይግባ” ብሎ በርጩማውን ሊቀመጥበት ሰሐኑን አነሣ። ክዳኑን ገለጠ።

“ይህ የማን ነው? ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስሁም።”

“ያደረ ነው ልጄ፤ ቀዝቅዟል። ላሙቅልህ።”

“እንዲህም ይሆናል።” ጭብጥ ሙሉ አፍሶ አፉ ውስጥ ጨመረ። ግቢው ውስጥ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በክፍቱ በር ያያሉ። ዘመኑ የሬድዋንን ጉሮሮ ያያል። የሚበላው ለእኛ ነው ወይስ ለእነዚያ ሴቶች? ርቦት ነው ወይስ አዝኖልን? ጠዋት የገባበት ጥርጣሬ ሊወጣለት አልቻለም፤ እያንዳንዷን ፍሬ አብሮ ይቆጥር ነበር። ሬድዋን ግን አፉ እንደ ሞላ ስለ ፍጹም ቅጣት ምቱ ጀመረ። በረኛው ለምን ቀድሞ እንደ ወደቀ፣ መታቹ እንዴት ዓይኑን እንዳታለለው፣ ሰሐኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በግራ እጁ እያሳየ፣ በቀኙ እየበላ። አንድ ጊዜ ሳያይ እጁን ሰደደና ጣቶቹ የሰሐኑን ባዶ ወለል ነኩ። ጎንበስ ብሎ አየው፤ አፈረ።

“ጨረስኩት እንዴ? ጨው አንሶት ነበር ደግሞ።”

ፈንታነሽ ሳቀች። ዘመኑ እናቱ ስትስቅ ጥርሷ ላይ ነጠላ እንደምትጋርድ ረስቶት ነበር።

እትዬ ለተሥላሴ ከሆስፒታል ሲመለሱ ደጃፉ ላይ አልደረሱም፤ የግቢው መሃል፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ስር ቆሙ። “እግዜር ይስጥሽ ፈንታነሽ። ልጄን ሰጠሽኝ” አሉ፤ ዓይናቸው በእውነት እንባ ሞልቷል። ፈንታነሽ ቆማ እጅ ነሣች። እትዬ ለተሥላሴ ነጠላቸውን አጣፉ፣ መሬት መሬት አዩ። “ወሩ ሲያልቅ ግን ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ። እንዳይከፋሽ። እኔ እንኳ ምንም አልል፤ ሰዉ ነው።” መልስ ሳይጠብቁ ገቡ። ሬድዋን አንድ ነገር ሊናገር ተነሣ፤ ፈንታነሽ ክንዱን ያዝ አድርጋ መለሰችው። “ይሁን” አለች። “እውነት እኮ ነው ያሉት። ሰዉ ነው።”

ሬድዋን ከሄደ በኋላ ሰሐኑን አጠበችው። በነጠላዋ ጫፍ፣ በዚያው አፏን በጠረገችበት፣ አደረቀችውና ብርሃኑ እስኪያልቅ ድረስ በእጆቿ መካከል አዞረችው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ውፍረቱን እየለካች፣ ሰሐን ሳይሆን ገና ያልደረቀ ነገር የያዘች ይመስል።

“ነገ ከሥራ ስትመለስ ጭቃ ይዘህልኝ ና” አለችው።

“የምን ጭቃ?”

“ጥቁሩን። በጆንያ ሞልተህ። እንዳይታወቅ ብዬ ነበር እጄን ያሰርሁት፤ ይኸው ታወቀ።”

“ከየት ነው የሚገኘው?”

“ልብስ ከማጥብበት ወንዝ ማዶ፣ ከተናደው ሥር” አለች ፈንታነሽ፤ ሰሐኑን አፉን ደፍታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። “በየሳምንቱ አየው የለም እንዴ? ጥሩ ጭቃ ነው።”